የወላጅ ቤት የማን ነው?



በቦንጋችን አባት ወይም እናት ሲያርፉ፣ ገና የለቅሶው ድንኳን ሳይነሣ፣ ስለ ቤቱና ስለ ጓሮው ቡና ጭቅጭቅ ሲጀመር በየጊዜው እናያለን። ወላጁን ሲጦር የኖረው ልጅ «ያስታመምኩት እኔ ነኝ፤ ቤቱም የእኔ ነው» ይላል። ተድራ የወጣችው እኅት ደግሞ «አንቺማ ባል አለሽ» ትባልና አንገቷን ደፍታ ትሄዳለች። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 842 እንደደነገገው፣ ኑዛዜ ከሌለ የሟች ልጆች ሁሉ እኩል ይወርሳሉ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 35 ሴቶች በውርስ እኩል መሆናቸውን አረጋግጧል። ስለሆነም እቤት መቅረት ብቻውን ባለቤት አያደርግም፤ ከቤት መውጣትም ድርሻ አያሳጣም። ቤቱ የባልና ሚስት የጋራ ሀብት ከሆነ ግማሹ በሕይወት ያለው የትዳር ጓደኛ ነው፤ ልጆች የሚካፈሉት የሟቹን ድርሻ ብቻ ነው። እናትን «የአባታችን ቤት ነው» ብሎ ማስወጣት ነውርም ሕገ ወጥም ነው። የቀበሌ ኪራይ ቤት ከሆነ ግን ባለቤትነቱ ስለማይወረስ ነገሩ ሌላ ነው።

ወላጅ በሕይወት እስካለ ድረስ ቤቱ የወላጅ ነው። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ መጠለያ የማግኘት መብት አለው፤ ራሱን የቻለ ዐዋቂ ልጅ ግን የሚኖረው በወላጁ ፈቃድ ነው።

ታዲያ የጧሪው ልጅ ድካም ከንቱ ይቅር ወይ? አንልም! ወላጅ ሊክሰው ከፈለገ በጤናው ሳለ ይናዘዝለት። በቁጥር 881 መሠረት ኑዛዜው በጽሑፍ ሆኖ፣ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ተነቦ፣ ቀን ተጽፎበት፣ እዚያው ሁሉም ሊፈርሙበት ይገባል። ቆርቆሮ የቀየረ፣ ክፍል የቀጠለ ልጅም ስምምነቱን በወረቀት ያስፍር፤ ደረሰኙንም ያስቀምጥ።

ዝም ያላችሁ እኅቶችና ወንድሞች ደግሞ ይህን ዕወቁ። ወራሽ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀ በኋላ 3 ዓመት ዝም ካለ፣ በቁጥር 1000 መሠረት የወራሽነት ክሱ በይርጋ ይታገዳል። ሽማግሌ መላክ መልካም ነው፤ ሽምግልናው እየተጓተተ ጊዜው እንዳያልፍ ግን የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት በጊዜ ይውጣ።

አበው «ቃል ይረሳል፣ መጽሐፍ ይወረሳል» ብለዋል። እኛም የምንለው ይኸንኑ ነው፦ ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ ዛሬ ተነጋገሩ፤ የተነጋገራችሁትንም ጻፉት!