ስለ ቤተ ሰብ ጤና፦ የአባት ሕመም ከሥራቸው የመጣ ይሆን?



ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለው ከሳንሱሲ ሠፈር አንዲት ወይዘሮ ጽፈውልናል። አባታቸው ሠላሳ ዓመት ያህል በአንድ ጋራዥ የፍሬን ሸራ ሲቀይሩ፣ አዲሱንም ሸራ ሲቆርጡና ሲሞርዱ ኖረው፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ ሳልና የደረት ውጋት ጠናባቸው፤ ሐኪሞችም «ካንሰር ነው» አሉ። ጎረቤቱ ሁሉ «ሲጋራቸው ነው» ይላል፤ አባትየውም ይህን እየሰሙ አንገታቸውን ደፍተው ይቀመጣሉ። ወይዘሮዋ ግን የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ይገባበት እንደ ነበር ሰምተው፣ «ሕመሙ ከዚያ የመጣ እንደ ሆነ በምን ይታወቃል? ቱታቸውን ሲያጥቡ የኖሩት እናቴስ? በዚያው ሙያ የተተካው ወንድሜስ?» ሲሉ ይጠይቁናል። ጥያቄው የብዙ ቤት ጥያቄ ስለ ሆነ የዚህን ወር ዓምድ ለእርሱ ሰጥተነዋል።

አስቤስቶስ ከመሬት የሚቈፈር፣ እንደ ጥጥ ወደ ቀጫጭን ክር የሚፈታ ድንጋይ ነው። እሳት ስለማይበላው ለቤት ክዳን፣ ለቧንቧ፣ ለፍሬንና ለፍሪሲዮን ሸራ ብዙ ተሠራበት። ነገር ግን ክሩ በዓይን የማይታይ ብናኝ ሆኖ ከትንፋሽ ጋር ወደ ሳንባ ይገባል፤ ከገባም በኋላ በቀላሉ አይወጣም። የሚያመጣው ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ብዙ አሥርት ዓመታት ቆይቶ ነው። ስለዚህም ሰውየው ሥራውን ከረሳው በኋላ ሕመሙ ይመጣበታል።

ቤተ ሰብ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው የካንሰሩን ትክክለኛ ስም ነው። ይህም ከሕመምተኛው ሥጋ ጥቂት ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲመረመር ይታወቃል። ሜሶቴሊዮማ የሚባለው የሳንባን ሽፋን የሚይዘው ካንሰር ነው፤ ሲጋራ ይህን አያመጣም፤ ዋነኛው ምክንያቱም አስቤስቶስ ነው። በራሱ በሳንባው ውስጥ የሚነሣው ካንሰር ግን ብዙ ምክንያት አለው፤ ከእነዚህም ሲጋራና አስቤስቶስ ይገኙበታል።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ዶክተር ዋግነርና ባልደረቦቻቸው በደቡብ አፍሪካ የተገኙ የ33 ሜሶቴሊዮማ ሕመምተኞችን ታሪክ አሳተሙ፤ 22ቱ ወንዶች፣ 11ዱ ሴቶች ነበሩ። የእያንዳንዱ ኑሮና ሥራ ተመርምሮ ከአንዱ በቀር ሁሉም ሰማያዊ አስቤስቶስ ሳያገኛቸው እንዳልቀረ ታወቀ። ከእነርሱም ማዕድን ቈፍረው የማያውቁ፣ ነገር ግን በልጅነታቸው በማዕድኑ አጠገብ ያደጉ ነበሩባቸው። ምስጢሩን የገለጠው «የት ኖሩ? ምን ሠሩ?» የሚለው ጥያቄ ነው።

በ1997 ደግሞ በሄልሲንኪ የተሰበሰቡ ሊቃውንት ለዚህ ፍርድ መመዘኛ አወጡ። የሳንባ ካንሰርን ከአስቤስቶስ ጋር ለማያያዝ ከመጀመሪያው ብናኝ ቢያንስ 10 ዓመት ማለፉ፣ የብናኙ መጠንና የሥራው ዘመን፣ እንዲሁም በሳንባው ላይ የሚገኝ ጠባሳ ይታያል። ሲጋራ ማጨስ ብናኙን ነጻ አያወጣውም፤ ይልቁንም ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉዳት ያበዛዋል።

ስለ ፍሬን ሥራ እውነቱን ለመናገር፣ ፍሬን ሲግል አብዛኛው የአስቤስቶስ ክር በሙቀቱ ወደ ሌላ ነገር ስለሚለወጥ፣ የመካኒኮች አደጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ሊቃውንቱን ያከራክራል። አዲስ ሸራ መቁረጥና መሞረድ ግን ያልተቃጠለውን ክር ያቦንናል። ስለዚህ በአንድ ደብዳቤ ብቻ «ከሥራቸው ነው» ወይም «አይደለም» ብለን ልንፈርድ አንችልም።

ወይዘሮ ሆይ፣ ደብተር ይዘው ከአባትዎ አጠገብ ይቀመጡ። የሠሩበትን ቦታ ሁሉ ከነዓመቱ ይጻፉ፤ ሸራውን በምን እንደ ቆረጡ፣ ክፍሉ ዝግ እንደ ነበረ፣ ብናኙን በኮምፕሬሰር ይነፉት እንደ ሆነ ይጠይቁ። ሲጋራውንም ከስንት ዓመት እስከ ስንት ዓመት፣ በቀን ስንት እንዳጨሱ ሳይደብቁ ይጻፉት፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። በአገራችን ሳንባ ውኃ ሲቋጥር አስቀድሞ የሚጠረጠረው የሳንባ ነቀርሳ ስለ ሆነ፣ ሐኪሙ የሥራውን ታሪክ ካልሰማ አስቤስቶስን ላያስብ ይችላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ከሥራ የሚመጣ በሽታን ያውቃልና ጽሑፉ ለዚያም ይጠቅማል።

እናትዎን አያስደንግጧቸው። በልብስ ወደ ቤት የገባ ብናኝ በሌላ አገር የሠራተኞችን ሚስቶች ያሳመመበት ጊዜ አለ፤ ሁሉም ግን አይታመምም። ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት ቢሰማቸው ይህንኑ ታሪክ ለሐኪም ይንገሩ። ወንድምዎ ግን ከዛሬ ጀምሮ ፍሬኑን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረግ እንጂ በኮምፕሬሰር አይንፋው፤ አስቤስቶስ የሌለበት ሸራ ይግዛ፤ ቱታውንም ወደ ቤት ይዞ አይግባ።

አባትዎ ሠላሳ ዓመት በዚያ ብናኝ ውስጥ የቆሙት እናንተን ለማሳደግ ነው። ደብተሩን ሲጽፉ ይህንን ይንገሯቸው፤ ጎረቤትም ያልተመረመረውን ፍርድ እንዲተው በትሕትና ይለምኑልን።