ሳይነኩ መቁጠር

ክረምቱን የባሕር ሕይወት ሊያጠና ወደ ቦኔር ደሴት የመጣ ተማሪ የመጀመሪያ ሥራው ዓሣ መቁጠር አይደለም። አምስት ሜትር ጥልቀት ውስጥ፣ ከነጭ አሸዋ በላይ፣ ባለበት ተንሳፎ መቆየት ይማራል። አየር ሲስብ ሰውነቱ ከፍ ይላል፤ ሲያስወጣ ዝቅ ይላል። እጁን ቢያወናጭፍ አየሩን በከንቱ ይጨርሳል፤ እግሩን ቢያወናጭፍ አሸዋው ተነሥቶ ውሃው ይደፈርሳል። አስተማሪው እጁን አጣምሮ ፊት ለፊቱ ጸጥ ብሎ ተንሳፏል። ተማሪው ግን አንዴ ወደ ላይ ያመልጣል፣ አንዴ በጉልበቱ አሸዋው ላይ ያርፋል።

ብዙ ሰው ይህን የስፖርት ልምምድ አድርጎ ያየዋል፤ ጥናቱ ከዚህ በኋላ የሚጀምር ይመስለዋል። የዚህ ዓምድ እምነት ሌላ ነው፤ ጥናቱ እዚያው አሸዋው ላይ ተጀምሯል። ቋጥኝ መሳዮቹ ትልልቅ የካሪቢያን ኮራሎች በዓመት የሚያድጉት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሚዛኑን መጠበቅ ያልቻለ ጠላቂ በአንድ የእግር ምት የሰበረው ቁራጭ እስኪተካ ድረስ ተማሪው ተመርቆ፣ ሥራ ይዞ፣ ምናልባትም ልጅ ወልዶ ይሆናል።

ቦኔር ከቬኔዝዌላ በስተሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ 288 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያላት ደረቅ ደሴት ናት። ከእ.ኤ.አ. 2010 ጀምሮ የኔዘርላንድስ ልዩ ማዘጋጃ ቤት ሆና ትተዳደራለች። ዝናቧ ጥቂት ነው፤ ወንዝ የላትም። አፈር ጠርጎ ባሕር ውስጥ የሚከት ወንዝ ባለመኖሩ ውሃው እጅግ የጠራ ነው። ኮራሉም ከዳርቻው ትንሽ ዋኝቶ የሚደረስበት ነው። በመንገዱ ዳር ቢጫ ቀለም የተቀቡ፣ የመጥለቂያ ቦታው ስም የተጻፈባቸው ድንጋዮች ተቀምጠዋል። ተማሪዎቹ ፒክአፕ መኪናቸውን እዚያ ያቆሙና የአየር ሲሊንደራቸውን ታጥቀው በእግራቸው ወደ ባሕሩ ይገባሉ። ጀልባ መከራየት የለም። በየሳምንቱ እየተመላለሱ አንዱን ቦታ ለማጥናት ከዚህ የተሻለ ምቹ ስፍራ ማግኘት ከባድ ነው።

ኮራሉ እዚህ የቆየው በዕድል ብቻ ሳይሆን በሕግም ጭምር ነው። በ1962 በመርከብ ወደ ደሴቲቱ የመጣው አሜሪካዊው ዶን ስቲዋርት በመጀመሪያ ራሱ ዓሣ በጦር እየወጋ ያድን ነበር። ኋላ ግን አደኑ እንዲከለከል ከተከራከሩት ዋነኛው ሆነ። በ1971 በጦር ማደን ታገደ፤ በ1975 ኮራል ነቅሎ መውሰድ ተከለከለ፤ በ1979 ደግሞ ከባሕሩ ዳርቻ አንሥቶ እስከ 60 ሜትር ጥልቀት ያለው የደሴቲቱ ዙሪያ በሙሉ የባሕር ፓርክ ሆነ። መልሕቅ መጣል ክልክል ነው። ጠላቂዎች ጓንት እንዲያደርጉም አይፈቀድም፤ ምክንያቱም ጓንት ያደረገ ሰው ኮራሉን ለመጨበጥ ይደፍራል። ይህች ትንሽ ደንብ ከብዙ ረጃጅም አዋጆች የበለጠ ብልሃት አለባት።

መንሳፈፉ ከተለመደ በኋላ ቆጠራው ይመጣል። በካሪቢያን በሰፊው በሚሠራበት ዘዴ መሠረት 30 ሜትር ርዝመት ያለው ሜትር ይዘረጋል፤ ሁለት ሜትር ስፋት ባለው መስመር ውስጥ የሚገኙት ዓሦች በየዝርያቸውና በየመጠናቸው በፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ በእርሳስ ይመዘገባሉ። ሲነገር ቀላል ይመስላል። ውሃ ውስጥ ግን ነገር ሁሉ ከመጠኑ በሲሶ ያህል ገዝፎ ነው የሚታየው። ስለዚህ ተማሪዎቹ አስቀድመው ርዝመታቸው የታወቀ የፕላስቲክ ቱቦ ቁራጮችን ከሩቅ እያዩ መጠን መገመት ይለማመዳሉ። ቀይ ቀለም ከሁሉ ቀድሞ ይጠፋል። ጥልቅ ውሃ ውስጥ ጣቱ የተቆረጠ ሰው ደሙ አረንጓዴ መስሎ ይታየዋል። በዚያ ላይ አየሩ አለ፤ አሥር ሜትር ላይ አንድ ትንፋሽ ላይኛው ወለል ላይ ከሚወስደው አየር እጥፍ ይወስዳል። የሚጠለቀው በጥንድ ስለሆነ የደነገጠው ተማሪ አየሩን ሲጨርስ ጓደኛውም ሥራውን አቋርጦ አብሮት ይወጣል።

ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው በቀቀን ዓሣ ነው። ስሙን ያገኘው የበቀቀን ምንቃር ከሚመስለው አፉ ነው። አንዱ ዝርያ ገና ወጣትና ሴት ሳለ ቡናማ ሆኖ ሆዱ ቀይ ነው፤ ጾታውን ቀይሮ ጎልማሳ ወንድ ሲሆን ደማቅ አረንጓዴ ይሆናል። ጀማሪ ተማሪ አንዱን ዝርያ ሁለት አድርጎ መዝግቦ ይወጣል። ጠጋ ብሎ ዝም ያለ ሰው ደግሞ ሲበላ ይሰማዋል፤ ምንቃሩ አለቱን ሲፍቅ ቀርጨጭ የሚል ድምፅ አለው። የሚፍቀው አለቱ ላይ የበቀለውን አልጌ ነው። አብሮ የዋጠውን ድንጋይ ፈጭቶ አሸዋ አድርጎ ያወጣዋል።

ይህ ፍቆ የሚበላ ዓሣ ለምን እንዲህ ተፈላጊ ሆነ? በ1983ና በ1984 በመላው ካሪቢያን አልጌ ይበላ የነበረው ረጅም እሾሃም የባሕር ጃርት በወረርሽኝ ከ90 በመቶ በላይ አለቀ። አልጌን የማጽዳቱ ሥራ በዋናነት በበቀቀን ዓሣ ላይ ወደቀ። አልጌ ካልተበላ ጨቅላ ኮራል የሚያርፍበት ባዶ አለት አያገኝም። ቦኔር በ2010 በቀቀን ዓሣ ማጥመድን ከለከለች። በዚያው ዓመት የባሕሩ ውሃ ከልክ በላይ ሞቆ ኮራሉ ነጣ። ኮራል ሲነጣ በሰውነቱ ውስጥ የሚኖሩትንና ምግብ የሚያዘጋጁለትን ደቂቅ አልጌዎች አስወጥቷል ማለት ነው፤ ሙቀቱ ከቆየ በረሃብ ይሞታል። በደሴቲቱ 10 በመቶ ያህሉ ኮራል ሞተ፤ አለቱ ላይ የሚበቅለው አልጌም (የባሕር አረም) ተስፋፋ።

በሜይን ዩኒቨርሲቲው ሮበርት ስቴኔክ የሚመራው ቡድን ከ2003 ጀምሮ በቦኔር ወደ ተመሳሳይ ቦታዎች እየተመላለሰ ሲቆጥር ነበር። ከቆጣሪዎቹ መካከል ተማሪዎች ነበሩ፤ የየጊዜውን ሪፖርት ምዕራፎችም ጽፈዋል። የበቀቀን ዓሣው ቁጥር ሲያንሰራራ አረሙ ቀነሰ፤ ጨቅላ ኮራሎች በረከቱ፤ በ2017 ኮራሉ ከመንጣቱ በፊት ወደነበረበት መጠን ተመልሶ ተገኘ። ይህን ማንም በአንድ ክረምት ሊያየው አይችልም ነበር። የታየው የአንዱ ዓመት ተማሪ የዘረጋውን ሜትር የሚቀጥለው ተማሪ እዚያው ቦታ ላይ ስለዘረጋው ነው። እንዲህ ያለውን ክረምት ጥቅም አልባ ሽርሽር አድርገው የሚቆጥሩ ሰዎች ይህን ቢያዩት መልካም ነበር።

አዳዲስ ጠላቶችም መጥተዋል። ከሕንድና ከፓስፊክ ውቅያኖሶች የመነጨው አንበሳ ዓሣ በ2009 ቦኔር ላይ ታየ፤ በጦር ማደን በተከለከለበት ደሴት እሱን ብቻ የሚወጉ ፈቃደኞች ጦር ተሰጣቸው። ከዚህ የከፋው ግን በ2014 ፍሎሪዳ ላይ ታይቶ በ2023 ቦኔር የደረሰው የኮራል በሽታ ነው። የኮራሉን ሥጋ እየገፈፈ ነጭ አጥንቱን ያስቀራል። ለመቶ ዓመታት ያደገ ኮራል በሳምንታትና በወራት ውስጥ ያልቃል። ፍሎሪዳ ላይ ጠላቂዎች በየፋርማሲው የምናውቀውን አሞክሲሲሊን ከቅባት ጋር ለውሰው በቁስሉ ዙሪያ ይቀቡታል፤ ብዙ ጊዜም ቁስሉን ያቆመዋል። ሆኖም ኮራሉን አንድ በአንድ የሚያክም እጅ ይጠይቃል። ስለዚህ በዛሬው ክረምት ተማሪው ከሕያዋኑ ጎን የታመሙትንና የሞቱትን ይቆጥራል፤ ከባሕር ሲወጣም ዕቃውን በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ያጥባል።

ይህ ዕድል ለማን ይደርሳል የሚለው ጥያቄ ከልብ ሊታሰብበት ይገባል። ትምህርቱ፣ የአውሮፕላን ትኬቱ፣ የመጥለቂያ ዕቃው ተደምሮ ውድ ነው፤ በብዛት የሚመጡትም ከአሜሪካና ከኔዘርላንድስ ነው። የደሴቲቱን ልጆች መጥለቅና ባሕሩን መጠበቅ የሚያስተምረው የፓርኩ የወጣቶች መርሐ ግብር ትክክለኛውን መንገድ ይዟል። በእኛም በኩል የጣናንና የዝዋይን ዓሦች የሚያጠኑ ተማሪዎች ኮራል ለማየት ውቅያኖስ መሻገር አያስፈልጋቸውም። ከጅቡቲ ከተማ ፊት ለፊት ባለችው በሙሻ ደሴት ዙሪያ ኮራል አለ፤ በታጁራ ባሕረ ሰላጤም በኅዳርና በታኅሣሥ ዓሣ ነባሪ መሳይ ግዙፍ ሻርኮች ይሰበሰባሉ። ከአዲስ አበባ ባቡር ይሄዳል። የጎደለው ተማሪዎቹን የሚልክና በየዓመቱ ወደዚያው ቦታ የሚመልስ የዩኒቨርሲቲዎች ስምምነት ነው።

እንዲህ ያለ መርሐ ግብር ከተጀመረ ከቦኔር ሊወሰድ የሚገባ አንድ ሕግ አለ። ለቀናት ሲጠልቅ የሰነበተ ሰው ከመጨረሻው ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆይ አውሮፕላን አይሳፈርም። በደሙና በሥጋው የተጠራቀመው ናይትሮጅን ግፊቱ በድንገት ሲቀንስ አረፋ ሆኖ ሊጎዳው ይችላል። በአውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ድረስ ካለው ጋር ይመሳሰላል፤ ይህም አዲስ አበባ ያለችበት ከፍታ ነው ማለት ይቻላል። ከጅቡቲ በባቡር የሚመለስ ተማሪም እንደ በራሪ ተቆጥሮ ባሕሩ ዳር ማደር ይኖርበታል። ቦኔር ላይ ተማሪዎቹ ያንን ቀን በሰሌዳ ላይ የጻፉትን ወደ ኮምፒውተር ያስገቡበታል፤ ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይጽፋል።