አባቴ አልጻፈውም

ዩኒቨርሲቲዎቻችን አንድ ነገር ይመልሱልን። ጥናቱን የሠራው ማን ነው? ልጅ ወይስ አባት?

ጥያቄው የሞኝ ይመስላል። ይሁንና የፈለጋችሁትን የመመረቂያ ጽሑፍ አንሡና የመጨረሻ ገጾቹን ግለጡ። ዋቢው ላይ ተሰልፈው የምታገኟቸው አባቶች ናቸው። ሜሮን ተስፋዬ የምትባል ተመራማሪ ዕድሜዋን የጨረሰችበት ሥራ «ተስፋዬ፣ ሜ.» ተብሎ ይቀመጣል። ጽሑፉ ውስጥ ደግሞ «ተስፋዬ እንዳረጋገጠው» ይባላል። እንዳረጋገጠው! አቶ ተስፋዬ ምን አረጋገጡ? የላቦራቶሪ በር ረግጠው ያውቃሉ? ሴት ልጅ ተምራ፣ ተመራምራ፣ አሳትማ፣ በመጨረሻ ወንድ ሆና ትጠቀሳለች። ይህንንም «የአጻጻፍ ሥርዓት» ብለን ጠርተነዋል።

«ሕጉ ነው» ይሉናል። የማን ሕግ? እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ሁለተኛው ስም የአባት ነው፣ ሦስተኛው የአያት ነው፣ ሰውየው የሚጠራው በመጀመሪያው ነው። ይህን ለማንም ኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም። ዶክተር አበበ ከበደን ኮሪደር ላይ «ዶክተር ከበደ!» ብላችሁ ጥሩትማ! ዞር ብሎም አያያችሁም። ያው ሰውዬ ግን ቢሮው ገብቶ ተማሪው «አበበ ከበደ» ብሎ የጻፈውን ዋቢ በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዛል። «የአባት ስም ይቅደም፣ ነጠላ ሰረዝ አድርግ» ይላል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ተማሪው ያውቃል። አማካሪው ያውቃል። ፈታኙም ያውቃል። አንድም ሰው አይናገርም።

ደግሞ ፈረንጅ አስገድዶን ነው እንዳትሉኝ። ከ2003 እስከ 2014 (እ.ኤ.አ.) ጀርመን ውስጥ በ5 ቅጽ የታተመው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ ኢትዮጵያውያንን የሚደረድረው በራሳቸው ስም ነው። የአሜሪካው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴን መጻሕፍት የሚመዘግበው «ባሕሩ ዘውዴ» ብሎ ነው፣ ሳይገለብጥ። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተሩን የሚጠራው «ዶክተር ቴድሮስ» ብሎ ነው። የታሪክ ሰዎቻችንም በየጽሑፋቸው ይህንኑ ያደርጋሉ። ታዲያ ኢኮኖሚክሱ፣ ምሕንድስናው፣ ሕክምናው ምን ነካው? ባዕዱ ጠይቆ ተረድቶ ያከበረውን እኛ እቤታችን ተቀምጠን የምናፈርሰው በየትኛው ሎጂክ ነው?

ቀጣዩ ማምለጫ የጽሑፍ ማዘጋጃ ሶፍትዌሩ ነው። «ላቴክ እንዲህ ነው የሚያወጣው፣ ምን ላድርግ?» ይህን ሰበብ ልታገሠው አልችልም። የላቴክን ዋቢ የሚያዘጋጀውን ቢብቴክን ኦረን ፓታሽኒክና ሌስሊ ላምፖርት በ1985 (እ.ኤ.አ.) ሲያወጡት የምዕራቡን ስም አስበው ነው የሠሩት። የደራሲው ስም በሚገባበት ቦታ ባሕሩ ዘውዴ ብላችሁ ብትጽፉ ፕሮግራሙ የመጨረሻዋን ቃል የቤተሰብ ስም አድርጎ ይወስዳል። ደራሲና ዓመተ ምሕረት በሚጠቅሰው ዘዴ ከሄዳችሁ «ዘውዴ (1991)» ብሎ ያወጣላችኋል። የባሰም አለ። ፀጋዬ ገብረ መድኅንን ክፍተት ትታችሁ ጻፉትና እዩ። «መድኅን፣ ፀ. ገ.» ይሆናል። የአባትየው ስም እንኳ ለሁለት ተገምሶ ግማሹ ወደ ልጅየው ዞረ!

መፍትሔው ምንድን ነው? አንድ ተጨማሪ ጥንድ ጥምዝ ቅንፍ። አዎ፣ አንድ! ስሙ ቀድሞውኑ በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ነው ያለው። እዚያው ውስጥ በሌላ ጥምዝ ቅንፍ ክበቡት። ፕሮግራሙ ስሙን እንደ አንድ ነገር ይይዘዋል። አይሰብረውም፣ አይገለብጠውም፣ በ«ባ» ተራ ያሰልፈዋል። ዞቴሮ የተባለውን የዋቢ ማደራጃ ለምትጠቀሙም ስሙን በአንድ ሣጥን ብቻ የምታስገቡበት ምርጫ ከስሙ ጎን ተቀምጧል። አንድ ጊዜ መጫን ነው። በመቶ የሚቆጠር ገጽ የጻፈ ሰው ሁለት የቅንፍ ምልክት መጨመር አቃተኝ ሲል ማን ያምነዋል?

የሚያስከትለውንም እንየው፤ ነገሩ የክብር ብቻ አይደለምና። ከበደ፣ ታደሰ፣ ተስፋዬ የሚባል አባት በዚህ አገር ስንት አለ? «ከበደ፣ አ.» ብላችሁ ጎግል ስኮላር ላይ ፈልጉ። አበበ ነው? አልማዝ ናት? አስቴር ናት? ሰውን ከሰው የሚለየውን ስም ወደ አንድ ፊደል አሳጥረን፣ የብዙ ሰው የሆነውን በሙሉ እንጽፋለን። እኔና እህቴ የምንሠራው በአንድ ሙያ ነው። ስማችን በአንድ ፊደል ይጀምራል። አንድ የጥናት ቋት አንድ ሰው አድርጎ መዝግቦናል። የእሷ ሥራ ለእኔ ይቆጠራል፣ የእኔ ለእሷ። ዕድገት ደግሞ በጥቅስ ብዛት ነው! ለማን አቤት ይባላል?

«ጆርናሉ ካልገለበጥክ አይቀበልም» የሚለኝም አለ። ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ለአርታኢው ሁለት መስመር ጽፋችሁ ታውቃላችሁ? ተመራማሪዎችን በቁጥር የሚለየው ኦርኪድ እንኳ ሲመዘግባችሁ የግድ የሚላችሁ የመጀመሪያ ስማችሁን ነው፤ የቤተሰብ ስም አያስገድድም። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ኖሮ የአያቱን ስም በፈቃዱ የቤተሰብ ስም ያደረገ ሰው አለ። በእሱ ላይ ምንም የለኝም፤ ራሱ መርጦታል፣ እንደመረጠው ይጠቀስ። እኔን የሚያንገበግበኝ አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ሐዋሳ ተቀምጦ ማንም ሳያዘው የሰውን ስም የሚገለብጠው ነው።

የራሳችን ጆርናሎች አዘጋጆች እኛው ነን። የድኅረ ምረቃ መመሪያውን የሚጽፈው የእኛው ኮሚቴ ነው። «ኢትዮጵያዊ ደራሲ በሙሉ ስሙ፣ ሳይገለበጥ ይጠቀሳል» የምትል አንድ ዓረፍተ ነገር ለማስገባት የማንንም ፈቃድ አንጠብቅም። በሚቀጥለው የዲፓርትመንት ስብሰባ አጀንዳ ይያዝልኝ። የሚቃወም ካለ ተነሥቶ ምክንያቱን ይናገር፤ ቃለ ጉባኤው ላይም የሚሰፍረው በአባቱ ስም ይሁን።