ስማችን በማን መዝገብ ላይ ነው?

በአማርኛ ገበያ ሲሞቅ፣ ሰዉ ሲበዛ፣ ጨዋታ ሲጥም «ደራ» እንላለን። ቦታም በዚህ ስም ይጠራል፤ ያውም አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ የዶዶታ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ደራ አለች። በኦሮሚያ ሰሜን ሸዋ ዞን፣ ጉንዶ መስቀልን ማእከሉ ያደረገ የደራ ወረዳ አለ። በደቡብ ጎንደርም ማእከሉ አንበሳሜ የሆነ ሌላ የደራ ወረዳ አለ። በዘወትር ኑሯችን ይህ ብዙም አያውክም፤ «የትኛው ደራ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ኢንተርኔት ግን «የትኛው?» ብሎ አይጠይቅም። በአንድ ቅጥያ ሥር ለአንድ ስም የሚኖረው አንድ ባለመብት ብቻ ነው፤ እርሱም ቀድሞ የደረሰው ነው።

ይህን ያነሣሁት የአርሲዋ ደራ ተወላጅ የሆኑ ወዳጆቼ ለከተማቸው ድረ ገጽ ሊከፍቱ አስበው «ምን የሚል ስም እንግዛ?» ብለው ስለ ጠየቁኝ ነው። ላይ ላዩን ሲታይ የአሥራ አምስት ዶላር ጉዳይ ይመስላል። ጠጋ ብለው ሲመረምሩት ግን የፊደል፣ የውጭ ምንዛሪና የመንግሥት አስተዳደር ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ «መግዛት» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። ባለሙያዎች «ዶሜይን» የሚሉት የድረ ገጽ ስም አይገዛም፤ ይከራያል። ነገሩ ከሊዝ መሬት ጋር ይመሳሰላል፤ የመጠቀም መብት እንጂ መሬቱ አይሰጥህም። ዶት ኮም የሚል ቅጥያ ያለው ስም በአንድ ጊዜ ሊከራይ የሚችለው ከ1 እስከ 10 ዓመት ነው። ጊዜው ሲያልፍ እንደ መዝጋቢው ኩባንያ ደንብ እስከ 45 ቀን የሚደርስ የችሮታ ጊዜ ሊኖር ይችላል፤ ከዚያ ከፍ ባለ ክፍያ የሚመለስበት 30 ቀን አለ፤ በመጨረሻም 5 ቀን ይጠበቅና ስሙ ለማንም ክፍት ይሆናል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ በኢንተርኔት ግን ኪራዩ ካልታደሰ ሦስት ወር እንኳ መዋሉ ያጠራጥራል።

ወደ ምርጫው እንግባ። የኛን ከተሞች ስም በላቲን ፊደል መጻፍ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። አሰላን የሚጽፍ ሰው «ኤስ» አንድ ይሁን ሁለት፣ «ኤል» ይደገም አይደገም እያለ ያመነታል። ሻሸመኔማ ስንት ዓይነት አጻጻፍ እንዳላት የመንገድ ሰሌዳዎቿን የተመለከተ ያውቃል። ደራም ከአማርኛ ወደ ላቲን ሲገለበጥ በ«ዲ» ብቻ ይጀመራል፤ በኦሮምኛው ቁቤ ግን «ዲ» እና «ኤች» ተከታትለው ይገባሉ፤ የአማርኛው «ደ» የማይዘው ድምፅ ስላለበት ነው፤ አናባቢዎቹም ይደገማሉ። እንግዲህ የትኛውን ትመርጣላችሁ? አንዱን መርጦ ሌላውን መተው በዛሬይቱ ኢትዮጵያ የፊደል ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። «የማን ወገን ነህ?» የሚያሰኝ ምርጫ ነው።

ጎረቤቷ አዳማ በዚህ ረገድ ጥሩ አስተማሪ ናት። ናዝሬት የሚለውን ስም ያገኘችው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው፤ በ2000 በይፋ ወደ አዳማነቷ ተመለሰች። በ2000ዎቹ በኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ዘንድ እጅግ ይታወቅ የነበረው ናዝሬት ዶት ኮም ግን የቀድሞውን ስም እንደ ያዘ ቀጠለ። የከተማ ስም በምክር ቤት ውሳኔ ይለወጣል፤ የድረ ገጽ ስም ግን በከዋኙ ፈቃድና በኪራዩ መታደስ ብቻ ይኖራል። በዚያችው ከተማ በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ የተመሠረተው ተቋም በ2006 አዳማ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2011 ደግሞ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ስሙን በየጊዜው የሚለውጥ ተቋም አድራሻውንም አብሮ ከለወጠ የቀድሞ አንባቢው፣ የቀድሞ ተማሪውና የቀድሞ ሰነዱ ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀራሉ።

ስለዚህ ለወዳጆቼ የሰጠሁት ምክር ይህ ነበር። ሁለቱንም አጻጻፎች አስመዝግቡ፤ ሁለቱም ወደ አንድ ገጽ ያምሩ። ሁለት ስም ማስመዝገብ ከሁለት ወገን ክርክር ይረክሳል። ስሙ አጭር ይሁን፤ ሰረዝና ቁጥር አይግባበት፤ በሚኒባስ ውስጥ ሆናችሁ በስልክ ስትናገሩት ሰሚው ሳይጠይቅ መጻፍ ይቻለው። የወቅቱን ፖለቲካ የሚሸት ቃልም አትጨምሩበት፤ ወቅቱ ያልፋል፤ ስሙ ግን ይቀራል።

ከሁሉ በላይ ግን «ስሙ የሚመዘገበው በማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙዎቻችን የምናውቀው ልማድ አለ። ለዶት ኮም የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው። አገር ቤት ያለው ሰው ለዓለም አቀፍ ክፍያ የሚሆን ካርድ ማግኘት ለረጅም ዘመን ከብዶት ስለ ኖረ፣ ክፍያውን ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ለሚኖር ዘመድ ይሰጣል። ዘመዱም በደግነቱ ይከፍላል፤ ስሙንም በራሱ ኢሜይል ያስመዘግባል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዘመዱ ኢሜይሉን ይለውጣል፣ ወይም ካርዱ ጊዜው ያልፍበታል፣ ወይም በአገር ፖለቲካ ከወንድሙ ጋር ይኳረፋል። ያን ጊዜ የማኅበሩ ወይም የጋዜጣው ስም በጸጥታ ይጠፋል። በሕግ ፊት ባለመብቱ በመዝገቡ ላይ ያለው ሰው ነውና አቤት የሚባልበት ቦታ የለም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ከዚህ ልማድ የራቁ አይደሉም፤ የፌስቡክ ገጻቸውን የከፈተው የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ሲዛወር የይለፍ ቃሉም አብሮት የተዛወረ ስንቱ ነው! የሰው ወርቅ አያደምቅ ማለት ይህ ነው።

ታዲያ ለምን በአገራችን ቅጥያ፣ በዶት ኢቲ፣ አናስመዘግብም? የክርክሬ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው።

ዶት ኢቲ ለኢትዮጵያ የተሰጠው በ1995 ነው። አገሪቱ የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረችው በ1997 መሆኑን ስናስብ ስሙ ከአገልግሎቱ ቀድሞ ደረሰን ማለት ነው። መዝገቡ በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን እጅ ነበር፤ በ2010 ኢትዮ ቴሌኮም ሲተካው መዝገቡም ወደ እርሱ አለፈ። በአንድ ወቅት ይህ ተፈጥሯዊ ነበር፤ መስመሩም ቆጣሪውም መዝገቡም የአንድ ድርጅት ነበሩና። ዛሬ ግን ሁኔታው ተለውጧል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2021 ፈቃድ አግኝቶ በ2022 አገልግሎት ጀምሯል፤ ኢትዮ ቴሌኮም በገበያው ውስጥ ተወዳዳሪ ሆኗል። በጥቅምት 2024ም የኩባንያው 10 በመቶ ድርሻ ለዜጎች ለሽያጭ ቀርቧል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ እንጠይቅ፦ የአገሪቱ የስም መዝገብ ከኩባንያው ንብረት ጋር የሚቆጠር ነው ወይስ የሕዝብ አደራ? ዳኛውና ተጫዋቹ አንድ ሲሆኑ ጨዋታው ምን ይባላል?

የኢንተርኔት ስም አሠራር መሥራቾች ይህን ጥያቄ ቀድመው መልሰውታል። ጆን ፖስቴል በ1994 ያወጣው ሰነድ የአገር ቅጥያ ጠባቂ ለአገሩም ለዓለሙ የኢንተርኔት ማኅበረሰብም ባለአደራ እንደሆነ፣ ሊያሳስበውም የሚገባው የባለቤትነት መብት ሳይሆን ኃላፊነትና አገልግሎት እንደሆነ ይገልጻል። ጎረቤታችን ኬንያ በዚህ መንፈስ በ2002 መዝገቡን የሚያስተዳድር «ኬኒክ» የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት አቋቋመች፤ በ2017 ደግሞ ስሞች ያለ መካከለኛ ቅጥያ በቀጥታ በዶት ኬኢ ሥር እንዲመዘገቡ ፈቀደች። ኬንያዊው ነጋዴ ስሙንና የአገሩን ምልክት ብቻ ይጽፋል፤ የኛ ነጋዴ ግን ስሙን፣ ከዚያ «ዶት ኮም»ን፣ ከዚያም «ዶት ኢቲ»ን እንዲደራርብ ለምዷል።

ጉዳዩ የገንዘብም ነው። አንጉዊላ የምትባል ትንሽ የካሪቢያን ደሴት ቅጥያዋ «ኤአይ» ከሰው ሠራሽ አስተውሎት የእንግሊዝኛ ምህጻር ጋር በመገጣጠሙ በ2023 ወደ 32 ሚሊዮን ዶላር አግኝታለች፤ ይህም ከመንግሥቷ ገቢ አንድ አምስተኛውን ይበልጣል። ለኛም እንዲህ ያለ ሲሳይ ይወርዳል ማለቴ አይደለም። ለዜጋው የማይመች መዝገብ ግን ለባዕድም እንደማይሸጥ ግልጽ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተገቢ ሥጋት አለ። «መዝገቡ ለሁሉ ክፍት ከሆነ አጭበርባሪው በባንክ ስም፣ ጠብ ጫሪው በከተማ ስም ይመዘገባል» የሚሉ አሉ። ሥጋቱ እውነት ነው። መድኃኒቱ ግን በሩን መዝጋት ሳይሆን የታወቀ ደንብና የይግባኝ ሥርዓት ማቆም ነው፤ ዶት ኮምን ለሚመለከቱ የንግድ ምልክት ክርክሮች ከ1999 ጀምሮ ዓለም አቀፍ የዳኝነት ደንብ አለ። የከተማና የወረዳ ስሞችን ለየአስተዳደራቸው ማስቀረት ይቻላል። ሦስቱ ደራዎች ሲጋጩ ደግሞ የዞናቸውን ስም ቢያክሉ አንዱ የሌላውን ስም ሳይነጥቅ ሦስቱም ይኖራሉ።

ሌላው ሥጋት ከወዲያኛው ወገን ነው፤ መንግሥት በሚያዝበት መዝገብ ላይ ስሜን አላስቀምጥም የሚለው። ይህንንም አልነቅፍም። በ2006 ገጾች መዘጋት ሲጀምሩ የብዙ ጸሐፍት ስም ከአገር ውጭ መመዝገቡ አድኗቸዋል፤ በ2018 የ264 ድረ ገጾችና ጦማሮች እገዳ መነሣቱ ሲነገር ስማቸውን እንደ ያዙ የተመለሱ ነበሩ። መንገድ መዝጋትና መዝገብ መፋቅ ይለያያሉና። እንግዲህ ዶት ኢቲ አመኔታ እንዲያገኝ ከተፈለገ ማንም ባለሥልጣን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ስም ከመዝገብ ሊፍቅ እንደማይችል በሕግ ሊጻፍ ይገባል።

በመጨረሻም ፊደላችን አለ። የግእዝ ፊደል ለከፍተኛው የኢንተርኔት ስም እርከን እንዲበቃ የሚያስችለው ደንብ በ2017 ተጠናቋል። «ሰ» እና «ሠ»፣ «ሀ» እና «ሐ» በአማርኛ አንድ ድምፅ መሆናቸው አንድን ስም በሁለት አጻጻፍ ለሁለት ሰው እንዳያሰጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ይህም ቢሆን የሥራ ጉዳይ እንጂ እንቅፋት አይደለም። ቅጥያውን በፊደላችን ለማግኘት ማመልከት ያለበት ግን አገሩ ነው። በራሱ ፊደል የሚጽፍ ሕዝብ በራሱ ፊደል አድራሻ ሳይኖረው ሲኖር ጥፋቱ የቴክኖሎጂው አይደለም።

አገር ስሟን በአደራ ስታስቀምጥ ባለአደራው እንዲታወቅ፣ እንዲጠየቅና እንዲነሣም የሚያደርግ ሕግ ያስፈልጋታል። እስከዚያው ድረስ ስም ያላችሁ ሁሉ ዛሬውኑ መዝገቡን ክፈቱና በማን እንደ ተመዘገበ፣ መቼ እንደሚያበቃ ተመልከቱ።

ቸር እንሰንብት።