ጨረሩ ዒላማውን ሲስት

በኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ ተኳሹ ምላጭ ሲስብ ብዙውን ጊዜ የሚወረወር ጥይት የለም። ፕሮግራሙ ከአፈሙዙ የማይታይ ጨረር ዘርግቶ በመንገዱ ላይ መጀመሪያ የሚያገኘው አካል የትኛው እንደሆነ ያሰላል። ጨረሩ ዒላማውን ሲስት ተማሪዎቻችን ፈጥነው የሚያሳብቡት በሶፍትዌሩ ላይ ነው። ከዚያም እስኪሠራ ድረስ ኮዱን በግምት ይለዋውጣሉ። እኛ ግን ስህተቱ በአመዛኙ ያለው በጥያቄው አቀራረብ ላይ ነው እንላለን።

ዩኒቲ የተባለውን የጨዋታ መሥሪያ ሶፍትዌር እንውሰድ። የጨረሩ ትእዛዝ መነሻ ነጥብንና አቅጣጫን ይፈልጋል። ብዙዎች ግን በአቅጣጫው ፈንታ ዒላማው ያለበትን ነጥብ ይሰጡታል። ሁለቱም በሦስት ቁጥሮች ስለሚጻፉ ሶፍትዌሩ አይቃወምም። ተኳሹ በ(2፣ 0፣ 0)፣ ዒላማው በ(5፣ 0፣ 4) ላይ ቢቆሙ ትክክለኛው አቅጣጫ የሁለቱ ልዩነት፣ ማለትም (3፣ 0፣ 4) ነው። ልዩነቱን ያልወሰደ ሰው ጨረሩ ከዒላማው መካከል 1.25 ሜትር ያህል ርቆ ያልፍበታል። የሚያሳዝነው፣ ተኳሹ በዜሮው ነጥብ ላይ ከቆመ የተሳሳተው ኮድ በትክክል መሥራቱ ነው፤ የሙከራ ጨዋታ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከዚያው ነው!

ሌላው ወጥመድ ይበልጥ ስውር ነው። ጨረሩ 8 ቁጥር ሌየርን ብቻ እንዲነካ የሚፈልግ ሰው መጻፍ ያለበት 8ን ሳይሆን ስምንት 2ቶች ሲባዙ የሚገኘውን 256ን ነው፤ 8 ብሎ ከጻፈ የሚመረጠው 3 ቁጥር ሌየር ነው። ይህንን አውቆ 256ን በትእዛዙ ሦስተኛ ቦታ ላይ ያስቀመጠ ደግሞ ሳያስበው ርቀት ሰጥቷል፤ የሌየሮቹ ቦታ አራተኛው ነውና። ጨረሩም በ256 ሜትር ውስጥ አጥሩንም ወዳጁንም ሳይለይ ይነካል። መነሻው በአንድ አካል ቅርፅ ውስጥ ሲሆን ጨረሩ ያንን አካል አለመቁጠሩም እንግዳ ነገር አይደለም፤ በሶፍትዌሩ መመሪያ ላይ ተጽፏል።

ስለዚህ ተማሪው ኮዱን ከመነካካቱ በፊት ለጨረሩ የሰጣቸውን እነዚያኑ ቁጥሮች ወስዶ መስመሩን በስክሪኑ ላይ በቀለም እንዲያሰምር ሊገደድ ይገባል። ለዚህ አንድ መስመር ኮድ ይበቃል። ጊዜ ያባክናል የሚሉ ባልደረቦች አሉን፤ ሆኖም በግምት ሲባዝኑ የሚያልፈውን ሌሊት ማን ቆጥሮት ያውቃል? ጥፋቱ የእኛ የመምህራኑም ነው። ጨዋታው በፊታችን ስለሠራ ብቻ ሙሉ ነጥብ ስንሰጥ፣ ተኳሹን በዜሮው ነጥብ ላይ የተወውን ተማሪ ልዩነቱን ካሰላው ጋር እኩል እናደርገዋለን። ከእንግዲህ ነጥብ ከመስጠታችን በፊት ተኳሹን ሁለት ሜትር ፈቀቅ አድርገን እንደገና እናስተኩሰው።