የራክ ከፍታ ብቻ አይበቃም፦ ባምፕ ስቲር በቤት በሚሠሩ የስፖርት መኪኖች

የሮን ቻምፒዮን መጽሐፍ በ250 ፓውንድ የስፖርት መኪና መሥራት እንደሚቻል በ1996 እ.ኤ.አ. ካስነበበ ወዲህ፣ በብሪታንያም ከብሪታንያ ውጭም ብዙዎች የሎተስ ሰቨንን ቅርጽ የተከተሉ መኪኖችን በየጋራዣቸው ሠርተዋል። ንድፉ የፊት ጎማ ተሸካሚውን ከፎርድ ኮርቲና፣ የመሪውን ራክ ከፎርድ ኤስኮርት ማርክ 2 ይወስዳል። ኤስኮርት ግን የማክፈርሰን ስትረት መኪና ነው፤ ራኩም የተለካው ለዚያ እንጂ የላይና የታች ክንድ ላለው ሳስፔንሽን አይደለም። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ነጂው መሪውን ሳያንቀሳቅስ፣ ጎማው በመነሣቱና በመውረዱ ብቻ አቅጣጫውን ሲለውጥ ባምፕ ስቲር ይባላል። ይህ እንዳይሆን ታይሮዱ ሁለቱ ክንዶች ወደሚያመለክቱት ቅጽበታዊ የመዞሪያ ማዕከል ማነጣጠር፣ ርዝመቱም ከክንዶቹ ቅስት ጋር መስማማት አለበት። የተለመደው መፍትሔ ከራኩ ሥር ሮንዴላ እየደረቡ ከፍታውን ማስተካከል ነው። ይህ የሚነካው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ስሌቱ አያስቸግርም። ታይሮዱ አግድም ሆኖ 350 ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባው 300 ቢሆን፣ ጎማው 50 ሚሊ ሜትር ሲነሣ የጎን ልዩነቱ 0.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የመሪው ክንድ 120 ሚሊ ሜትር ከሆነ ይህ 0.29 ዲግሪ ገደማ ነው። ጎማው በዚያው ልክ ሲወርድም ስሕተቱ በዚያው መጠንና ወደዚያው ወገን ይደገማል። የከፍታ ስሕተት ግን ሲነሣ ወደ አንዱ፣ ሲወርድ ወደ ሌላው ወገን ያዞራል። ስለዚህ በሮንዴላ የመነሣቱን ስሕተት ወደ ዜሮ ያወረደ ሠሪ የመውረዱን ስሕተት በእጥፍ፣ ወደ 0.58 ዲግሪ አሳድጎታል። መነሣቱን ብቻ ለለካ ሰው ደግሞ ሥራው የተሳካ ይመስለዋል!

የሚወርድ ጎማ ጭነቱ ስለሚቀልለት ስሕተቱ አይጎዳም የሚል ክርክር ይነሣል። በጥምዝ መንገድ ላይ ለውስጠኛው ጎማ ይህ በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን አንዱ ጎማ ብቻ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ፣ ሲወጣ ጭነቱን የሚቀበለው አቅጣጫውን እንደሳተ ነው፤ እንዲህ ባለ ቀላል መኪና ነጂው ድንገተኛውን ጉተታ በእጁ ያገኘዋል።

ስለዚህ የራኩ ማሰሪያ ከመበየዱ በፊት ሞላዎቹ ወጥተው፣ ጎማው በ10 ሚሊ ሜትር እርከን ሙሉ ጉዞውን እየሄደ አቅጣጫው ሊለካ ይገባል። በግራፉ ላይ ያዘመመ ቀጥታ መስመር ከታየ ጥፋቱ የከፍታ ነው፤ መስመሩ ከጎበጠ የርዝመት ነው፣ ሮንዴላም አያቃናውም። መፍትሔው ሌላ ስፋት ያለው ራክ መምረጥ ወይም የውስጥ መጋጠሚያዎቹን በቶርኖ በተሠራ ማራዘሚያ ማራቅ ነው፤ የራኩን ዘንግ ቆርጦ መበየድ ግን ፈጽሞ መፈቀድ የለበትም። የግንባታ መመሪያዎችም የራኩን ከፍታ ከሚሰጡበት ሥዕል ላይ በሁለቱ የውስጥ መጋጠሚያዎች መካከል የሚፈለገውን ርቀት አብረው ሊያሰፍሩ ይገባል።