ለመዝናኛ ስለ ተያዘ አሮጌ ግድብ

ውሀ በተገደበበት ስፍራ ሁለት ዓይነት ሰው ይኖራል፤ አንዱ ከግድቡ በላይ በኩሬው ዳር ተቀምጦ የሚደሰት፥ ሁለተኛው ከግድቡ በታች በሸለቆው ውስጥ ሠርቶ የሚያድር ነው። ግድቡ ሲያረጅ ደስታው ለፊተኛው፥ አደጋው ግን ለኋለኛው ይሆናል። ስለዚህ የአሮጌ ግድብ ጥበቃ ለባለቤቱ ፈቃድ ብቻ የሚተው ነገር አይደለም።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን በአሜሪካ በፔንሲልቫኒያ ግዛት የነበረው የሳውዝ ፎርክ ግድብ ነው፤ ዘመኑንም እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር እንጽፋለን። ይህን የአፈር ግድብ የግዛቱ መንግሥት በ1853 የጨረሰው ለጀልባ መሄጃ ቦይ ውሀ እንዲሰጥ ነበረ። ምድር ባቡር በመጣ ጊዜ ቦዩ ሥራ ፈታ፤ ግድቡም ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ። ከገዙትም አንዱ በግድቡ ሥር ውሀ ማስለቀቂያ የነበሩትን የብረት ቧንቧዎች አውጥቶ ሸጣቸው። በ1879 የፒትስበርግ ባለጸጎች ማኅበር ይዞት ለዓሣ ማጥመጃና ለጀልባ መንሸራሸሪያ አደረገው። ማኅበሩም የፈረሰውን ደፈነ እንጂ ቧንቧዎቹን አልመለሰም፤ ሠረገላ እንዲያልፍበት የግድቡን አናት ዝቅ አደረገ፤ ዓሣው እንዳያመልጥም በትርፍ ውሀ መሄጃው ላይ የብረት ወንፊት ተከለ።

ከግድቡ በታች 23 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ጆንስታውን የምትባል ብረት የሚሠራባት ከተማ ነበረች። የብረት ፋብሪካው ሥራ መሪ ዳንኤል ሞረል ነገሩ አሳስቦት በ1880 መሐንዲስ ላከ፤ መሐንዲሱም ግድቡ ውሀ ማስለቀቂያ እንደሌለውና ጥገናው እንደማያስተማምን ጻፈ። ሞረል ለጥገናው በገንዘብ ላግዝ ቢልም ማኅበሩ ሥጋት የለም ብሎ መለሰው። በ1889 ሜይ 31 ቀን፥ ይኸውም በእኛ ግንቦት 24 ቀን 1881 ዓ.ም.፥ ብርቱ ዝናም ኩሬውን ሞላው፤ ወንፊቱ በእንጨትና በግሳንግስ ተደፈነ፤ ውሀውም በአናቱ ላይ ፈሶ ግድቡን ናደው። ከ2,200 የሚበልጥ ሰው አለቀ። ፍርድ ቤትም ማኅበሩን ለሙታን ወገን ካሣ አላስከፈለውም።

ይህ የዝናም ቍጣ ነው የሚል ይኖራል። ዝናሙ ብርቱ እንደ ነበረ አይካድም፤ ነገር ግን ቧንቧውን የሸጠ፥ አናቱን ዝቅ ያደረገ፥ ወንፊቱን የተከለ ዝናም አይደለም፤ ሰው ነው። በኦሪት ዘዳግም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፥ ሌላው ወድቆ እንዳይሞትበት፥ ለሰገነቱ መከታ እንዲያበጅ ታዝዞአል። ሰገነት ይህን ያህል ካስጠየቀ፥ ከሸለቆ በላይ የተገደበ ኩሬ ምንኛ ያስጠይቅ?

እንግዲህ ክቡራን ሹማምንት ሆይ፥ በግዛታችሁ ለዋናም ለዓሣም ለውበትም የተያዘ አሮጌ ግድብ ቢኖር ክረምት ሳይገባ ራሳችሁ ሂዳችሁ እዩት። ትርፍ ውሀ መሄጃው ከቍጥቋጦና ከደለል የጠራ ይሁን፤ አናቱ በመካከሉ አይጕድጐድ፤ በጀርባው ዛፍ አይብቀልበት፥ አይጥም አይቈፍረው፤ የማስለቀቂያው መዝጊያ በየጊዜው ተከፍቶ ይሞከር፤ ከሥሩ የሚያዠው ውሀ ቢበዛ ወይም ቢደፈርስ ፈጥኖ መሐንዲስ ይጠራ። አደጋ ቢመጣ ከታች ላሉት ወሬ የሚያደርስ ሰው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ይወሰን። ባለቤቱ ወጪው ከበደኝ ቢል በመሐንዲስ ምክር ውሀው ይጕደል፥ ወይም ግድቡ ይነሣ። የኩሬ ደስታ ቢቀር ሌላ ደስታ ይገኛል፤ የሰው ነፍስ ግን ከሄደች አትመለስም።